አፍሽ ገና አላፈጠረም

አምቦ፣ የካቲት 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘቢደር

የካቺሲ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? ባለቤትሽ ናትናኤልስ አዲሱን የጤና ጣቢያ ሥራ ለመደው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሰዲቅ ከጨርቅ ሱቃችን፣ ልጆቹ ከትምህርታቸው፣ እኔ ከሁሉም ጋር ትግል ላይ ነን።

ስልክሽን ስሞክር ያቺ ሴትዮ «ማግኘት አይችሉም» እያለች ስታሰናብተኝ ሰነበተች። ስለዚህ የድሮ ሰው ሆኜ ወረቀት ገዛሁ። ኦቦ ሌታ በሳምንት ሁለቴ አውቶቡሱን ይዞ ወደ እናንተ ስለሚወጣ፣ ደብዳቤያችንን ያለ ቴምብር አመላልሳለሁ ብሏል። ያንቺን ሲያመጣልኝ እንደ አደራ ዕቃ በሁለት እጁ ነው ያቀበለኝ።

ለጥያቄሽ መልሱ አዎ ነው። ጋሽ ጉግሳ ያንቺን ቦታ እንድይዝ የጠየቁት እኔን ነው፤ እኔም እሺ ብያለሁ። አትሳቂ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በሴቶች ሰዓት ገንዳው ዳር ቆሞ ዋናተኞቹን የሚጠብቅ ሰው የለም። ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት እስካሁን የምንገባው በጋሽ ጉግሳ ትዕግሥት ነው፤ እሱም እስከ ሰኔ ብቻ እንደሆነ የገንዳው ኃላፊ ናቸውና በግልጽ ነግረውናል። በሰኔ ሕይወት የማዳን ፈተና ያለፈች ሴት ካልተገኘች ሁለቱም ጠዋት እንደ ሌላው ቀን ለወንድም ለሴትም ክፍት ይሆናል። ያን ጊዜ እኔም ሆንኩ የኛ ሰፈር ሴቶች ደግመን እዚያ ውሃ ውስጥ አንታይም። ታውቂኛለሽ፣ እዚሁ አምቦ ተወልጄ፣ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ሊዋኝ ሲመጣ እያየሁ፣ እስከ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ እግሬን እንኳ ሳልነክር የኖርኩ ሴት ነኝ። አንቺ ካስተማርሽኝ ወዲህ ግን በሳምንት ሁለት ጠዋት የማንም እናት፣ የማንም ሚስት፣ የማንም ባለሱቅ የማልሆንባት ሰዓት አለችኝ። እሷን አሳልፌ አልሰጥም።

ፈተናው በወሬ ደረጃ ቀላል ነው። ገንዳውን ሳያርፉ ስምንት ጊዜ መመላለስ፣ ከዚያ ከጥልቁ በኩል ሰው ጎትቶ ማውጣት። አሁን ሦስት ምልልስ ላይ ነኝ፤ አራተኛው ላይ ሙሉ የዋና ልብሴ ውሃ ጠጥቶ ይከብደኛል፣ ትንፋሼም ያጥራል። ግድ የለም፣ ገና ጊዜ አለ። ደግሞ በመስከረም መጥተሽ ቦታሽን ትረከቢያለሽ፤ እኔ የምይዝልሽ እስክትመለሺ ነው። እስከዚያው በደብዳቤ አሰልጥኚኝ።

እህትሽ ከሪማ

•

ካቺሲ፣ መጋቢት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ከሪ፣

አልሳቅሁም። እውነቱን ልንገርሽና ትንሽ ስቄአለሁ፣ ግን ናትናኤል ሳያየኝ ነው። ከዚያ በኋላ ደስታው መጣና ደብዳቤሽን እሱም እንዲያነበው ሰጠሁት።

እኛ ደህና ነን። ብርዱን ለምደነዋል። በገበያ ቀን ከብቱም በቅሎውም በደጃችን ያልፋል፤ እኔም መስኮት ላይ ቆሜ ስቆጣጠር እውላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ዳር ቆሜ ሰው ስጠብቅ ኖሬ አሁን በሬ ጠባቂ ሆንኩልሽ።

ሦስት ምልልስ የሚዋኝ ሰው ስምንት ይዋኛል። የጎደለሽ ጉልበት አይደለም። አንቺ የምትዋኚው ደንበኛ ከሱቅሽ በር ወደ ጎረቤት ሲያልፍ እንደምትጣሪው ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁሉንም እጅና እግር። የመጀመሪያውን ምልልስ እስኪያሳፍርሽ ድረስ በዝግታ ዋኚ። ሁለተኛውንም። ገንዳው ታጥቦ አዲስ ውሃ በተሞላ ማግስት ሙቀቱ ከወትሮው ይበረታል፣ ሰውነትን ያዝላል፤ ያን ቀን ብዙ አትጠብቂ።

መጥፎ ቀን ይመጣል። እኔ ላይ ስንት ጊዜ እንደመጣ ነግሬሽ አላውቅም፣ ብዙ ነው። ሲመጣብሽ ተናደሽ ከውሃው እንዳትወጪ። በጀርባሽ ተኝተሽ ትንሽ ተንሳፈፊ፣ ሰማዩን እዪ፣ ከዚያ ውጪ። ተናዶ የወጣ ሰው በሚቀጥለው ጠዋት ገንዳው በር ላይ ሲደርስ ንዴቱን እዚያው ቆሞ ያገኘዋል።

ረመዳን ደርሷል። እስከ ዒድ ዕረፊ። እኔ በሁዳዴ በባዶ ሆዴ ገብቼ እንዴት እንዳዞረኝ አይተሻል።

ስለ መመለሴ ያነሣሽውን ሌላ ጊዜ እንጻጻፋለን፤ ሌታ ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው።

ዘቢደር

•

አምቦ፣ መጋቢት 29 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለዘቢዬ

ዘንድሮ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ጾመኞች ሆነናልና የምግብ ወሬ አልጽፍልሽም። ጤናሽን ብቻ ልጠይቅ። ሰዲቅ ሰላም ብሎሻል። ሶረቲም፤ ባሏ ደብዳቤ ሲያመላልስ ለሷ የሚጽፍላት የለም ብላ ቅር ብሏታል።

አይ፣ አላረፍኩም። አትቆጪ። ሰኔ እየመጣ እንዴት ወር ሙሉ ተቀምጬ ልክረም? የሰዲቅ አጎት ሃይማኖት አዋቂ ናቸው፤ አስጠየቅኋቸው። ውሃ እስካልዋጠች ድረስ መዋኘቱ ጾሟን አያፈርስም፣ ግን ትጠንቀቅ አሉ። እኔም ተጠንቅቄአለሁ። ከንፈሬን ገጥሜ ነው የምዋኘው፣ ጠብታ አላስገባም።

የምጽፍልሽ ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ ኋላ እየሄድኩ ነው ዘቢ። ሦስት የነበረው ሁለት ሆነ። ባለፈው ረቡዕ ሁለተኛውን ሳልጨርስ መሀል ላይ ገመዱን ያዝኩ። እግሬ እንደ እርጥብ ጥቅል ጨርቅ ወደ ታች ይጎትተኛል። ያንቺን ምክር አልዘነጋሁም፣ በዝግታ ነው የጀመርኩት። በጀርባዬም ተንሳፈፍኩ፤ ሰማዩን እያየች የተናደደች የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ሶረቲ ጾሙ ነው ትላለች። እኔም እንደዚያ ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ። ዒድ ይምጣ፣ በልቼ ጠጥቼ ስገባ ያኔ እንተያያለን። ደግሞ መስከረም ሩቅ አይደለም፤ ስትመጪ ምን ያህል እንደተለወጥኩ በዓይንሽ ታያለሽ።

ከሪማ

•

ካቺሲ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ከሪ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። መንገዱ ተዘግቶ ሌታ ሳይመጣ ሰነበተ፤ ከዚያ ደግሞ የፋሲካ ግርግር ነበር። እንኳን ለዒድ በሰላም አደረሰሽ፤ ይህ ሲደርስሽ ሳያልፍ አይቀርም።

ቁጣዬን አስቀምጬዋለሁ፣ ስንገናኝ እሰጥሻለሁ። ሶረቲ ልክ ናት፣ ረሃብና ጥም ነው። ብዪ፣ ጠጪ፣ አንድ ሳምንት ተኚና ግቢ። ይመለሳል።

ስለ መስከረም የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ።

ናትናኤል ለሰዲቅ ከዚህ ማር ልኳል። ሌታ በመንገድ እንዳይቀምሰው ጥብቅ አድርጌ አስሬዋለሁ።

ዘቢደር

•

አምቦ፣ ግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘቢደር

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ማሩ ሳይነካ ደርሷል፤ ሰዲቅ ናትናኤልን አመስግኚልኝ ብሏል።

ለጠየቅሽኝ ሁሉ አዎ። በልቻለሁ። ጠጥቻለሁ። ተኝቻለሁ። ዒድ ካለፈ በኋላ ሳምንት ሙሉ ገንዳው በር አልደረስኩም። ከዚያ ገባሁ፣ አልተመለሰም። ብሷል። አሁን አንዱን ምልልስ ጨርሼ ስዞር ደረቴ ይቃጠላል፣ ሁለተኛው ላይ ጆሮዬ ውስጥ ከበሮ ይመታል። በረመዳን ሰበብ ነበረኝ። አሁን ምን ልበል?

እውነቱን ልጻፍልሽ። ወሽመጤ ተቆርጧል። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከኔ ኋላ የጀመሩ ልጃገረዶች እየተሳሳቁ አልፈውኝ ሲሄዱ አያለሁ። ሱቅ ተመልሼ ከደንበኛ ጋር ስነጋገር እንኳ ያ ጠዋት ከኔ ጋር ይውላል፤ ትናንት አንዷን ሴትዮ ያላጠፋችውን ተቆጣኋት፣ ሰዲቅ ጨርቁን ከእጄ ተቀብሎ እሱ አስተናገዳት። ጠዋት ቦርሳዬን ሳነሣ እጄ ይከብደኛል።

ስለዚህ እንዲህ አስቤአለሁ። ለጋሽ ጉግሳ አልቻልኩም እላቸዋለሁ። የሴቶች ሰዓት ክረምቱን ይዘጋ። አንቺ በመስከረም ስትመጪ ትከፍቺዋለሽ። ሦስት ወር ምን አላት?

ቅዳሜ ከሶረቲ ጋር ሰው የማውጣቱን ልምምድ ሞክረን ነበር። ምንም አልሆነም።

ከሪማ

•

ካቺሲ፣ ግንቦት 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ከሪማ፣

ሰላምታው ይቆየኝ።

«ምንም አልሆነም» ብለሽ የጻፍሽበትን ወረቀት ሌታ በእጁ እያቀበለኝ የሆነውን ሁሉ በአፉ ነገረኝ። ሶረቲ የሱ ሚስት መሆኗን ረሳሽ? ሶረቲ ሰምጣለች ተብሎ፣ አንቺ ልታወጫት ጥልቁ ውስጥ ገብተሽ፣ መሀል ስትደርሺ ትንፋሽ አጥሮሽ አንገቷ ላይ ተጠመጠምሽ። የሰመጠችው አዳኟን ጎትታ አወጣች። ሌታ ይህን ሲያወራኝ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም። ፈርተሻል ከሪ፤ የሞት ፍርሃት ነው የፈራሽው፣ ያንን ነው የደበቅሽኝ።

ከዚያ ሌታ ነገር ለማሳመር ብሎ ሶረቲ የነገረችውን ጨመረልኝ። እንዲህ ነው ያለችው፦ «ከሪማ ውሃ ውስጥ ጉንጯን ነፍታ ነው የምትሄደው። ቀና ስትል ከንፈሯን ትንሽ ከፈት አድርጋ ቶሎ ትዘጋዋለች፣ አንድ ሰው የሚነጥቃት ይመስል።»

ይህን ስሰማ የረመዳኑ ወሬሽ ትዝ አለኝ። ከንፈሬን ገጥሜ ነው የምዋኘው፣ ጠብታ አላስገባም ብለሽኝ ነበር። እኔ ያንን አንብቤ አለፍኩት! ሦስት ዓመት ሙሉ ፊትሽን ነክረሽ አየር በአፍሽ ቡልቅ ቡልቅ እያደረግሽ እንድታስወጪ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። አንቺ ግን ውሃው እንዳይገባ ብለሽ አየሩም እንዳይወጣ ዘጋሽበት። ወር ሙሉ። ሰውነትሽ ያንን ተማረ። ዒድ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ሆድሽ አፍጥሯል፣ አፍሽ ገና አላፈጠረም።

አልደከምሽም፣ አላረጀሽም። የታፈነ ሰው ነሽ። አሮጌው አየር ሳይወጣ አዲሱ የት ይግባ? የሚያቃጥልሽም፣ ከበሮ የሚመታብሽም፣ ጥልቁ ላይ ያስደነገጠሽም እሱ ነው። ረሃብ ነው ብዬ ያሳለፍኩት እኔም ተሳስቻለሁ።

አሁን የማዝሽን አድርጊ። ከንፈርሽን ክፈቺ ብልሽ ትረሺዋለሽ። ስለዚህ ፊትሽን ነክረሽ አውሪ። ሱቅሽ የሚመጣ ነዝናዛ ደንበኛ አታጪም፤ አንዷን ምረጪና ውሃ ውስጥ ተከራከሪያት። የሚያወራ ሰው ሳይወድ በግዱ ይተነፍሳል። በክርክር ደግሞ አምቦ ውስጥ የሚያሸንፍሽ የለም።

ሁለተኛው ነገር ይከብደኛል። ክረምቱን ይዘጋ፣ አንቺ በመስከረም ትከፍቺዋለሽ ብለሻል። አልመጣም። የናትናኤል ሥራ ተራዝሟል፤ እኔም እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርነት አግኝቼ ተቀብያለሁ። የወሰንነው በመጋቢት ነው። ያልነገርኩሽ በጭንቀት እንዳትዋኚ ብዬ ነበር። አሁን የምነግርሽ ደግሞ እኔን ተስፋ አድርገሽ እንዳትተዪው ነው። ክረምቱን ከተዘጋ የሚከፍተው ሰው የለም ከሪ። ያቺ ቦታ ባለቤት የላትም፤ ከፈለግሻት ያንቺ ናት።

እወድሻለሁ። አትተዪው።

ዘቢደር

•

አምቦ፣ ግንቦት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ዘቢደር፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ስለ አፌ ያልሽውን እሞክረዋለሁ። ስለ ሌላው ዛሬ የምጽፈው የለኝም። በየደብዳቤዬ መስከረም መስከረም ስል አንብበሽ ዝም ብለሻል። ሆድ ብሶኛል፤ ሲወጣልኝ እጽፍልሻለሁ። ለጋሽ ጉግሳ ግን ምንም አልነገርኳቸውም።

ለናትናኤል ሰላም በይልኝ። እሱ ምንም አላጠፋም።

ከሪማ

•

አምቦ፣ ግንቦት 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘቢደር

እንዴት ሰነበትሽ? ብስጭቴ ግማሹ ወጥቷል። ቀሪው ግማሽ እዚህ ስትመጪ እንድታየው ተቀምጧል። መምህርነቱን ግን እንኳን ያዝሽ። ያንቺን ጉሮሮ ያለ ተማሪ ማስቀመጥ ኃጢአት ነበር።

ተከራክሬአለሁ። ከጉደር የምትመጣ አንዲት ደንበኛ አለችኝ፤ ሱቁን ሙሉ ጨርቅ አስወርዳ፣ እያንዳንዱን በጣቷ አሽታ፣ በመጨረሻ «ቀለሙ ይለቃል» ብላ የምትሄድ። ፊቴን ነክሬ እሷን አመጣኋት። አይለቅም አልኳት። ኧረ አይለቅም፣ አጥበሽው ካለቀቀ መልሺልኝ አልኳት። ሶረቲ ከጎኔ ብቅ ብላ «ማል ጄታ? ምን እያልሽ ነው? ማንን ነው የምትሳደቢው?» አለችኝ። ለመሳቅ አፌን ስከፍት ውሃው ገባ። ሳልኩ፣ አነቀኝ፣ አፍንጫዬ በማዕድን ውሃው ተቃጠለ፣ አንድ ምልልስ እንኳ ሳልጨርስ ወጣሁ። የመጀመሪያው ቀን ይህ ነበር። ሁለተኛውም ከዚህ የተሻለ አልነበረም።

ግን ውሃ መዋጥን ስፈራ መቆየቴ የገባኝ ያኔ ነው። ጾም ላይ አይደለሁም፤ ገብቶ ቢወጣ ምን ይሆናል? ይህን ለራሴ ደጋግሜ መንገር ነበረብኝ፣ ከንፈሬ ግን ወዲያው አልሰማኝም። በሦስተኛው ጠዋት ከጉደሯ ሴትዮ ጋር ስከራከር ደረቴ ለቀቅ አለ። አራት ምልልስ ዋኘሁ። ቅዳሜ ሁለት። በሚቀጥለው ረቡዕ አምስት። ከዚያ ደግሞ ሦስት።

እንዲህ መውጣት መውረዱን ድሮ ብጽፍልሽ ኖሮ በእንባ ነበር። አሁን የታየኝን ልንገርሽ። ሱቄ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ጨርቅ ሳወርድና ስጠቀልል ውዬ አንድ ክንድ ሳልሸጥ የምዘጋበት ቀን አለ። እግሬን እያሸሁ ቤቴ እገባለሁ፣ ልጆቹን እቆጣለሁ፣ እተኛለሁ፣ በማግስቱ እከፍታለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን «ትናንት ስላልሸጥኩ ነጋዴ አይደለሁም» ብዬ አላውቅም። ታዲያ ገንዳው ላይ ሲሆን በአንድ መጥፎ ጠዋት ዋናተኛ አይደለሁም ለማለት ምን አጣደፈኝ? ይህን ካሰብኩ ወዲህ ሁለት ምልልስ ብቻ የዋኘሁበት ቀን ያው ገበያ ያልቀናኝ ቀን ነው። ፀጉሬን አድርቄ ወደ ሱቄ እሄዳለሁ፣ ማንንም አልቆጣም።

የቀረኝ ከጥልቁ ሰው ማውጣቱ ነው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አልደፈርኩትም። ጥልቁ ጋ ስደርስ የሶረቲ አንገት በእጄ ላይ ያለ ይመስለኛል። ስለሱ ጻፊልኝ፣ ሳታለዝቢ።

ከሪማ

•

ካቺሲ፣ ሰኔ 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ከሪ፣

ሳታለዝቢ ብለሻልና እንዲህ ነው። ፍርሃቱ አይለቅሽም። እኔንም አልለቀቀኝም። አባቴ በውሃ ዳር ጥበቃ ሥራው አንድም ቀን ሳይፈራ እንዳልዋለ ነግሮኝ ነው ያስተማረኝ። የማይፈራ ሰው ዳር ላይ ቆሞ ስልኩን ነው የሚያየው።

ሶረቲን ከፊት ለፊቷ አትቅረቢያት፤ የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ይጨብጣል። ከኋላዋ ሂጂ፣ አገጯን ያዢ፣ ፊቷ ወደ ሰማይ ይሁን። ከዚያ ዳር እስክትደርሱ ሳታቋርጪ አናግሪያት። ያዝኩሽ በያት፣ ደረስን በያት። እሷን ስታናግሪ አንቺ ትተነፍሻለሽ። ካሁን በኋላ ውሃ ውስጥ ዝም የምትዪበት ጉዳይ የለሽም።

ከፈተናው በፊት ባሉት ቀናት ራስሽን አትፈትኚ። ሦስትም ዋኝተሽ ውጪ፣ ሁለትም። ጸሎት እኔ አደርሳለሁ፣ ዱዓውን አንቺ።

ከፈተናው ቀን፣ ከሰኔ አሥራ ስምንት በኋላ ሌታን መናኸሪያ ሄጄ ነው የምጠብቀው።

ዘቢደር

•

አምቦ፣ ሰኔ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘቢደር

ሥራው የኔ ነው። የሴቶች ሰዓት አልተዘጋም።

ይህን በመጀመሪያው መስመር የጻፍኩት መናኸሪያ ቆመሽ ስለምታነቢው ነው። አሁን ቤትሽ ግቢና ቁጭ ብለሽ ቀሪውን አንብቢ።

ያን ጠዋት ሰውነቴን ለማሟሟቅ ስገባ ሁለተኛው ምልልስ ላይ እጄ እምቢ አለኝ። ከሁሉም ቀን የባሰ ነበር ብልሽ አላጋነንኩም። በጀርባዬ ተንሳፈፍኩ። ደመናው ዝቅ ብሎ ነበር። ዛሬ ገበያው አልቀናም፣ ሱቁ ግን ክፍት ነው አልኩ ለራሴ፣ ወጣሁ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ስሜ ሲጠራ ተመልሼ ገባሁ። ፈታኟ ከአዲስ አበባ የመጣች አሰልጣኝ ዓለሚቱ የምትባል ሴት ናት። ስትፈትን ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

ስለ ፈተናው ራሱ ብዙ አልጽፍልሽም። ጥልቁ ውስጥ የሰመጠችው ሶረቲ ነበረች። እሷ ለሌታ ነግራዋለች፣ ሌታ ላንቺ ይነግርሻል፤ ሁለቱ አፍ ውስጥ አልፎ ሲደርስሽ ከኔ ድርሰት ይበልጣል። እኔ የምጽፍልሽ ዓለሚቱ መጨረሻ ላይ ፎጣ እያቀበለችኝ ያለችኝን ብቻ ነው። «ዋናሽ አያምርም። ግን አታቆሚም። ውሃ ዳር ልጄን አምኜ የምሰጠው ለሚያምር ዋናተኛ አይደለም።»

ጋሽ ጉግሳ አንቺን ጠየቁኝ። አትመለስም አልኳቸው። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

ከሰዲቅ ጋር ብቻችንን ስንሆን አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በአራት ወር ያጠራቀምኩት ነው አልኩት።

ከሪማ

•

አምቦ፣ መስከረም 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘቢደር

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ዝናቡ ቆሞልናል፤ እናንተም ጋ መንገዱ ሳይደርቅ አልቀረም። ዝምታዬን ይቅር በይኝ። ክረምቱ እንደምንም ወዲያ ወዲህ ስል ነው ያለፈው።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ ሴቶቹ ጨምረዋል። አዎ፣ ሶረቲ ለሚመጣው ፈተና መዘጋጀት ጀምራለች፤ ሁልጊዜ ሰማጭ መሆን ሰለቸኝ አለች። እኔ ደግሞ ሴቶቹ ከመምጣታቸው በፊት እሷን ዳር አቁሜ ለራሴ እዋኛለሁ። አሁንም አንዳንዱ ጠዋት እርግማን ነው። ባለፈው ነዒማ የምትባል አዲስ ሙሽራ ሦስተኛ ቀኗ ላይ ዳር ተቀምጣ እያለቀሰች ይህ ነገር መቼ ነው የሚያልፍልኝ አለችኝ። «እንጃ፣ ለኔ ገና አላለፈልኝም፣ ዛሬም አንቺ ሳትመጪ ገብቼ እንደ ድንጋይ ነበርኩ» አልኳት። ያላመነችኝ መስሎኝ ነበር፤ እንባዋን ጠርጋ ተመልሳ ገባች።

ለመስቀል እንደምትመጡ ሳነብ ሱቅ ውስጥ ጮክ ብዬ ሰዲቅን ጠራሁት። ቤታችን ነው የምታርፉት፣ ክርክር የለም። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከኔ ጎን ዳር ላይ ቆመሽ ሴቶቹን አብረሽኝ ብታዪልኝ ደስ እንደሚልሽ ጽፈሻል።

እሱ አይሆንም።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። በሐምሌ የመጀመሪያዋ ረቡዕ ሙሉ የዋና ልብሴን ለብሼ በኩራት መጣሁ። በሩን ከፈትኩ፣ ሴቶቹ እየተንጫጩ ገቡ፣ እኔ ዳር ቆምኩ። ዓይኔን ከውሃው ሳልነቅል ቆሜ ሰዓቱ አለቀ። ልብሴ ደረቅ እንደነበረ የታወቀኝ ለመቀየር ስገባ ነው። ያቺን ሰዓት ላለማጣት ያንን ሁሉ ስታገል፣ ሰዓቷ ስትተርፍ የምትተርፈው ለሌሎቹ እንደሆነ አንድም ቀን አላሰብኩም ነበር። ከፋኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ ደስታዬ ይበልጣል። ግን እዚያው መቀየሪያው ክፍል ቁጭ ብዬ አንቺን አሰብኩ። በነዚያ ዓመታት ሁላችንም በሳምንት ሁለቴ ረክተን፣ ታጥበን፣ እየሳቅን ወደ ቤታችን ስንሄድ አንቺ ደረቅ ልብስሽን ይዘሽ ነበር የምትሄጂው። ልታስተምሪን ጉልበትሽ ድረስ ስትገቢ እንጂ ለራስሽ ስትዋኚ አላየሁሽም። አንቺም ግቢ የሚልሽ አልነበረም፤ ብትገቢ ማን ሊያየን?

ስለዚህ ቅዳሜ ከኔ ጎን መቆሚያ የለሽም። የዋና ልብስሽን ይዘሽ ነይ። ምልልስ አትቁጠሪ። ማንም ሲያስል ቀና አትበዪ፣ ማንም ሲጮህ አትዙሪ፣ ነዒማ እንዴት እንደምትተነፍስ አትዪ። እስኪበቃሽ ዋኚ። ዳር ላይ እኔ አለሁ።

እህትሽ ከሪማ